የሞተ ዓሣ ከመንሳፈፉ በፊት

ሊነጋጋ ሲል ወደ ውሃው ዳር የወረደ ሰው መጀመሪያ የሚያየው አፍ ነው። ዓሦቹ ከውሃው ገጽ ተጠግተው አፋቸውን እየከፈቱና እየከደኑ አየር የሚጎርሱ ይመስላሉ። ድንጋይ ቢወረወርባቸው እንኳ እንደ ወትሯቸው ተስፈንጥረው አይጠልቁም፤ ጥቂት ዞር ብለው ተመልሰው ይመጣሉ። ትልልቆቹ ቀድመው ይደክማሉ፤ ትንንሾቹ ጥልቀት በሌለው ዳር ተሰባስበው ትንሽ ይቆያሉ። ፀሐይ ወጥታ ሁለት ሦስት ሰዓት ሲሆን ነጭ ሆዳቸውን ወደ ላይ ያዞሩት ዓሦች በነፋስ እየተገፉ አንድ ጥግ ላይ ይከማቻሉ። ያን ጊዜ ሰው ይሰበሰባል፣ ፎቶ ይነሣል፣ «መርዝ ተለቀቀ» የሚለው ወሬም ይናፈሳል።

ናሙና የሚወስደው ባለሙያ ረፋድ ላይ ወይም ከሰዓት በኋላ ከደረሰ ግን የሚያገኘው ውሃ ሌሊት ዓሦቹን የገደለው ውሃ አይደለም። በቀን ውሃውን አረንጓዴ ያደረገው ዋቅላሚ (ብዙዎች አልጌ የሚሉት) ብርሃን አግኝቶ ኦክስጅን ስለሚያመርት መሣሪያው የሚያሳየው ቁጥር መልካም ይሆናል። ሌሊት ያው ዋቅላሚ ራሱ ኦክስጅን ይተነፍሳል፤ ከሥር የሚበሰብሰው ሁሉ ይጨመርበትና ኦክስጅኑ ንጋት ላይ ይሟጠጣል። ስለዚህ መርዝ ተፈልጎ ይታጣል፣ ኦክስጅኑም ደህና ነው ይባላል፣ መዝገቡም «መንስኤው አልታወቀም» ተብሎ ሊዘጋ ይችላል። ዓሣንና የዱር እንስሳትን ከብክለት የመጠበቅ ሥራ የሚነሣው በሬሳ፣ የሚለካውም በሬሳ ቁጥር እስከሆነ ድረስ፣ እንዲህ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ እየደረሰ የሚኖር ይመስለኛል። ከዚህ በታች የሚነሡት ታሪኮችም ወደዚሁ ያመራሉ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን ዘጠኝ ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ ወደ ሰባት ተኩል ይወርዳል። በባሕር ጠለል ላይ አንድ ሊትር አየር የሚይዘው ግን ከዚህ ሠላሳ እጥፍ ያህል ነው። ዓሣ ገና ከመነሻው ትንፋሹ የጠበበ ፍጡር ነውና በስንጥቡ (ዓሣ በሚተነፍስበት አካል) የሚያሳልፈው ውሃ ትንሽ ቢጓደልበት የሚተርፈው የለውም። በሊትር አምስት ሚሊግራም ለብዙዎቹ ዝርያዎች ደህና የሚባል መጠን ነው፤ ከሁለት በታች ከወረደ መሸሽ የሚችለው ይሸሻል፣ የማይችለው ይሞታል። ከመኖሪያ ቤት፣ ከቄራ፣ ከወተት ማቀነባበሪያ ወይም ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ፍሳሽ በራሱ መርዝ ላይሆን ይችላል፤ ለባክቴሪያ ግን ድግስ ነው። ባክቴሪያው ድግሱን ሲበላ የሚጨርሰው የዓሣውን ኦክስጅን ነው። ባለሙያዎች ይህን ጉዳት የሚለኩት ባዮኬሚካላዊ የኦክስጅን ፍላጎት በተባለው ምርመራ ሲሆን፣ ናሙናው በ20 ዲግሪ ለአምስት ቀን ተቀምጦ ስንት ሚሊግራም ኦክስጅን እንደተበላ ይታያል።

የዚህ መለኪያ ታሪክ ራሱ ብዙ ያስተምራል። የብሪታንያ ንጉሣዊ የፍሳሽ ኮሚሽን በ1912 ባወጣው ሪፖርት ወደ ወንዝ የሚለቀቅ የተጣራ ፍሳሽ በሊትር ከ20 ሚሊግራም ያልበለጠ የኦክስጅን ፍላጎትና ከ30 ሚሊግራም ያልበለጠ ተንሳፋፊ ነገር እንዲኖረው ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ ፍሳሹን የሚቀበለው ወንዝ ቢያንስ በስምንት እጥፍ የሚያቀጥነው መሆን አለበት። ቁጥሮቹ ወደ ሌሎች አገሮች ሲሻገሩ ቅድመ ሁኔታው አብሯቸው አልተጓዘም ማለት ይቻላል። በበጋ ወራት የወንዙ ውሃ ቀንሶ ግማሹ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ከማጣሪያ የወጣ ፍሳሽ በሆነበት ቦታ «መሥፈርቱን አሟልቻለሁ» የሚለው ድርጅት እውነቱን ነው፤ ዓሣው ግን ይሞታል። «ውሃ ያጠራዋል» የሚለው እምነት በሕግ ቋንቋ ተጽፎ ሲቀር የሚመጣው ውጤት ይህ ነው።

ዋቅላሚውን የሚያበዛው የማዳበሪያ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይረቅቃል። በካናዳ ኦንታሪዮ ለሙከራ ከተከለሉት ሐይቆች አንዱ፣ ሐይቅ 226 የሚባለው፣ በ1973 በወገቡ ላይ በመጋረጃ ለሁለት ተከፈለ። ወደ አንደኛው ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን፣ ወደ ሌላኛው ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ተጨመረ። ፎስፈረስ ያገኘው ወገን በጥቂት ሳምንታት አረንጓዴ ሆነ፤ ሌላኛው እንደነበረ ጠቆር ብሎ ቀረ። ከአውሮፕላን የተነሣው ፎቶግራፍ፣ አንድ ሐይቅ በአንድ መጋረጃ ግራና ቀኝ ሁለት መልክ ይዞ፣ የሳሙና ፋብሪካዎች «ጥፋቱ የፎስፈረስ አይደለም» እያሉ ለዓመታት ያነሡትን ክርክር ከማንኛውም ሰንጠረዥ በተሻለ ዘጋው ማለት ይቻላል። በዚያ ዘመን የልብስ ሳሙና ዱቄት በፎስፌት (ፎስፈረስ ባለበት ውሁድ) የተሞላ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ብዙ አገሮች ገደብ ጣሉበት። በጨዋማው ባሕር ግን ናይትሮጅንም ከባድ ድርሻ አለው። ሚሲሲፒ ወንዝ ከእርሻ የሚጠርገው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የሚያስከትለው የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ኦክስጅን አልባ ቀጠና በ2017 የበጋ ልኬት 22,700 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ነበረው።

በዚህ ላይ አሞኒያ አለ። ፍሳሽም ማዳበሪያም ወደ ውሃ የሚያመጣው አሞኒያ ሁለት መልክ ይይዛል፤ አንደኛው ለዓሣ ብዙም አይከብድም፣ ሌላኛው በስንጥቡ በኩል ወደ ደሙ ገብቶ ይገድለዋል። በ20 ዲግሪ ሙቀት የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) 7 ሲሆን ገዳዩ መልክ ከአንድ በመቶ በታች ነው፤ ፒኤቹ 9 ሲደርስ ከሩብ ይበልጣል። ዋቅላሚ የበዛበት ውሃ ፒኤች ደግሞ ከፍ የሚለው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ያው አንድ ኩሬ ከቀትር በኋላ በአሞኒያ፣ ንጋት ላይ በትንፋሽ እጦት ዓሣውን ያስጨንቃል፤ አጠቃላይ የአሞኒያ መጠኑን ብቻ ጽፎ ፒኤቹንና ሰዓቱን የማይጽፍ የምርመራ ወረቀት ሁለቱንም አያሳይም።

እስካሁን የተባለው መርዝ ሳይኖር ስለሚሆነው ነው። መርዝ ያለበት አደጋ ግን ዜና ይሆናል፤ ሕግ የሚያንቀሳቅሰውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ኅዳር 1 ቀን 1986 በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ሳንዶዝ የተባለው ኩባንያ ከ1,000 ቶን በላይ ኬሚካል ያከማቸበት መጋዘን ተቃጠለ። እሳት አደጋ ሠራተኞቹ ሥራቸውን ሠሩ፤ ውሃ አርከፈከፉ፣ እሳቱም ጠፋ። ያ ውሃ ግን ፀረ ተባዩንና ቀዩን ማቅለሚያ ይዞ ራይን ወንዝ ገባ። ወንዙ ቀላ፤ እንደ እባብ የረዘሙት ኢል የተባሉ ዓሦች በመቶ ሺህ የሚቆጠሩት በመቶዎች ኪሎ ሜትሮች ላይ አለቁ። ወንዙን የገደለው እሳቱ ሳይሆን ማጥፊያው ነበር፤ መጋዘኑ እሳት የጠፋበትን ውሃ የሚያጠራቅም ገንዳ አልነበረውም። በቀጣዩ ዓመት የወንዙ ተጋሪ አገሮች የጋራ መርሐ ግብር ነደፉ፤ ከአሥርተ ዓመታት በፊት ከራይን የጠፋው ሳልሞን የተባለው ዓሣም በመርሐ ግብሩ ግብነት ተይዞ እንደገና ወደ ወንዙ መመለስ ጀመረ። ዛሬ ኬሚካል የሚያከማች ማንኛውም መጋዘን ሲፈቀድ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ከተቃጠለ ውሃው የት ይሄዳል?» የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል ነው፤ ገንዳው ግን ቦታና ገንዘብ ስለሚወስድ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ከድንገተኛው አደጋ ይልቅ ቀስ ብሎ የሚጠራቀመው የባሰ ነው ብዬ የምከራከረው በቁጥሩ ምክንያት ነው። በካሊፎርኒያ ክሊር ሌክ በተባለ ሐይቅ፣ የማይናከስ ነገር ግን በብዛቱ የሚያስቸግር ጥቃቅን በራሪ ነፍሳት ለማጥፋት በ1949፣ በ1954 እና በ1957 ዲዲዲ የተባለ፣ የፀረ ተባዩ የዲዲቲ ዘመድ የሆነ ኬሚካል ተረጨ። ውሃው ውስጥ የነበረው መጠን በሚሊዮን ክፍል 0.02 ያህል ነበር፤ ለማንም አያሰጋም የተባለ መጠን ነው። ከዚያ ግሬብ የተባሉት ጠላቂ ወፎች ይሞቱ ጀመር፤ የአንዳንዶቹ ስብ ሲመረመር በሚሊዮን ክፍል 1,600 ተገኘ። ከውሃው 80,000 እጥፍ ማለት ነው። ዲዲዲ በስብ ይሟሟል፣ በሽንት አይወጣም፣ በቀላሉም አይበላሽም፤ ስለዚህ ጥቃቅኑ ዋቅላሚ የያዘውን ትንሹ ዓሣ፣ ትንሹ ዓሣ የያዘውን ትልቁ፣ ትልቁ የያዘውን ወፏ ትወርሳለች። ውሃውን ብቻ የሚመረምር ሰው የመጨረሻውን ወራሽ አያይም።

በጃፓን ሚናማታ የሆነውም በዚሁ መንገድ ነበር፤ ልዩነቱ የመጨረሻው ወራሽ ሰው መሆኑ ነው። ከፋብሪካ ወደ ባሕሩ የፈሰሰው ሜርኩሪ በዓሣና በዛጎል ለበስ እንስሳት ውስጥ ተከማቸ። በሽታው በሰው ላይ በይፋ የተመዘገበው በ1956 ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ዓሦች ተንሳፍፈው፣ ወፎች ከሰማይ ወድቀው፣ ዓሣ የሚበሉ ድመቶችም እየተንቀጠቀጡና እየተሽከረከሩ ሞተው ነበር። የጃፓን መንግሥት በሽታውን ከፋብሪካው ፍሳሽ ጋር አገናኝቶ በይፋ ያመነው በ1968 ነው። እንስሳቱ አስቀድመው ተናገሩ፤ የሰማቸው ሲመጣ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል። በስሙ የተሰየመው፣ ሜርኩሪን የሚመለከተው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2013 ጸድቆ በ2017 ሥራ ላይ ዋለ።

ከሞት ሌላም ጉዳት አለ፤ ይህኛው ምንም ሬሳ አያሳይም። ዲዲቲ አዳኝ ወፎችን የጎዳው በመግደል ሳይሆን የእንቁላላቸውን ቅርፊት በማሳሳት ነው፤ እናቲቱ ልትታቀፈው ስትቀመጥበት ይሰበራል። ከአላስካ ውጭ ባለው የአሜሪካ ዋና ምድር ራሰ ነጭ ንስር በ1963 የቀሩት 417 ጥንዶች ብቻ ነበሩ። ዲዲቲ በ1972 ታገደ፤ በ2007 ንስሩ ከአደጋ መዝገብ ሲወጣ ጥንዶቹ 10,000 ገደማ ደርሰው ነበር። ሐይቅ 226 ባለበት የሙከራ ሥፍራ ሌላ ሐይቅ ላይ ደግሞ ከ2001 ጀምሮ ለሦስት ዓመት የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ውስጥ ያለው ሆርሞን በሊትር አምስት ስድስት ናኖግራም፣ ማለትም በግራም ቢሊዮንኛ በሚቆጠር መጠን፣ እንዲኖር ተደረገ። ወንዶቹ ትንንሽ ዓሦች የእንቁላል አስኳል ፕሮቲን ማምረት ጀመሩ፤ መራባት ተስተጓጎለ፤ ዝርያው ከሐይቁ ሊጠፋ ደረሰ። ሆርሞኑ ሲቆም በዓመታት ውስጥ አገገመ። መዳብም እንዲሁ ነው፤ በሊትር ጥቂት ማይክሮግራም መዳብ የሳልሞን ግልገል የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል። የቆሰለ ዓሣ ቆዳ የሚያወጣውን የማስጠንቀቂያ ሽታ ስለማያሸት አዳኙ ሲመጣ ባለበት አይደበቅም፤ ይበላል። ግልገሉ በመዝገብ ላይ የተበላ እንጂ የተመረዘ ተብሎ አይጻፍም።

በየብስ ከታዩት ሁሉ የደቡብ እስያ ጥንብ አንሳዎች ታሪክ ብዙ ጊዜ ሊነገር የሚገባው ነው። በ1990ዎቹ ሕንድ ውስጥ ጥንብ አንሳዎች አንገታቸውን ደፍተው ዛፍ ላይ ለቀናት ይቀመጡና ይወድቁ ጀመር። ከዝርያዎቹ አንዱ ከ99 በመቶ በላይ አለቀ። በሽታ ነው ተባለ፣ ቫይረስ ተፈለገ። የሞቱት ሲከፈቱ ልባቸውና ጉበታቸው ነጭ ኖራ የተቀባ ይመስል በዩሪክ አሲድ ቅንጣት ተሸፍኖ ነበር፤ ኩላሊታቸው ቆሟል። በ2004 በፓኪስታን የተሠራው ምርምር ምክንያቱን አገኘው፤ ለላሞች ሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ ነበር። ላም የሚያሽል መድኃኒት፣ ላሟ ከሞተች በኋላ ሥጋዋን የበላውን ወፍ ይገድላል። በአካባቢው ከሚገኙ የከብት ሬሳዎች መካከል መድኃኒቱ ያለባቸው አንድ በመቶ እንኳ ባይሞሉ ለዚያ ሁሉ እልቂት ይበቁ እንደነበር በስሌት ታይቷል፤ ጥንብ አንሳ በዓመት አንድ እንቁላል የምትጥልና ከመቶዎች ጋር በአንድ ሬሳ ዙሪያ የምትበላ ወፍ ናትና።

ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል መድኃኒቱን ለከብት እንዳይውል በ2006 አገዱ፤ ሜሎክሲካም የተባለው ምትክም ወፎቹን እንደማይጎዳ ተፈትኖ ታወቀ። እዚህ ላይ የሕግ አወጣጥ ትምህርት አለ። ዳይክሎፌናክ ለሰው መመረቱ ስላልቆመ ለብዙ መርፌ የሚበቃ መድኃኒት የያዙ ትልልቅ ብልቃጦች ለላም መዋላቸውን ቀጠሉ፤ ሕንድ በ2015 የሰው መድኃኒት ለአንድ መርፌ ብቻ በሚበቃ ትንሽ ብልቃጥ እንዲሸጥ እስክታዝዝ ድረስ እገዳው በጎን ይፈስ ነበር። ከዚያም አሴክሎፌናክ የተባለ ሌላ መድኃኒት ተተካ፤ ላሟ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ግን ወደዚያው ወደ ዳይክሎፌናክ ይለወጣል። እሱና ኬቶፕሮፌን የተባለ ሌላ የሕመም ማስታገሻ ሕንድ ውስጥ ለከብት እንዳይውሉ የታገዱት በ2023 ነው። አንድ ስም አግዶ ዘመዱን መተው ጊዜ ማባከን ነው፤ ምትኩ ገበያ ከመውጣቱ በፊት በሚበላው ወፍ ላይ መፈተኑ ግን ሥራውን ከሥሩ ይጨርሰዋል።

አሁን በጣም የሚያነጋግረው የመኪና ጎማ ነው። በአሜሪካ ሲያትል ዙሪያ ባሉ ጅረቶች ኮሆ የተባለው ሳልሞን እንቁላሉን ሊጥል ከባሕር ሲመለስ፣ ዝናብ በጣለ በሰዓታት ውስጥ እየተሽከረከረ ይሞት ነበር፤ እንስቶቹ እንቁላላቸው በሆዳቸው እንዳለ ይገኙ ነበር። ለዓመታት ብረቱም ዘይቱም ፀረ ተባዩም ተጠርጥሮ ነጻ ወጣ። በ2020 መጨረሻ ገዳዩ ታወቀ፤ ጎማ እንዳይሰነጣጠቅ የሚጨመርበት ሲክስፒፒዲ የተባለ ኬሚካል ከአየሩ ኦዞን ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው ሌላ ውሁድ ነው። ፋብሪካው ያላመረተው፣ በየትኛውም የፍሳሽ ፈቃድ ላይ ያልተጻፈ፣ መንገድ ላይ በራሱ የተፈጠረ መርዝ ነው ማለት ነው። ቸም የተባለው የሳልሞን ዘመድ በዚያው ውሃ ውስጥ ሳይሞት መቆየቱ ደግሞ በአንድ ዝርያ ፈትኖ «ለዓሣ አይጎዳም» የሚለውን ማረጋገጫ ያናጋዋል። የመንገዱ ጎርፍ በአሸዋና በብስባሽ ንጣፍ ውስጥ ተጣርቶ ሲሰጣቸው ግን ኮሆዎቹ ተርፈዋል። ርካሽ ነገር ነው፤ ከመንገድ ዳር የተቆፈረ፣ ዕፅዋት የተተከሉበት ቦይ ይበቃዋል፤ ችግሩ እያንዳንዱ መንገድ እንዲኖረው ማድረጉ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው የአሠራር ለውጥ በጣም የተወሳሰበ አይደለም። የፍሳሽ መልቀቂያ ፈቃድ በሊትር ስንት ሚሊግራም ብቻ ሳይሆን በቀን ስንት ኪሎ ግራም ተብሎ፣ ለወንዙ በጣም የጎደለ ወቅት ተሰልቶ መሰጠት አለበት፤ በብዙ ውሃ ያቀጠነው ሁሉ መሥፈርቱን ያለፈ መስሎ እንዳይታይ። የኦክስጅን ልኬት ከንጋት በፊት መወሰድ ወይም ቀን ከሌሊት በሚመዘግብ መሣሪያ መያዝ አለበት። የሚጠራቀሙ መርዞችን በውሃ ውስጥ ሳይሆን ዓሣ በሚበሉ ወፎች እንቁላልና በትልልቅ ዓሦች ሥጋ ውስጥ መፈለግ ይሻላል። ከእርሻ የሚመጣውን ማዳበሪያ በተመለከተ በወንዝ ዳር የሚተው የሣርና የቁጥቋጦ ክልል ይረዳል፤ ዋናው ግን ሰብሉ ከሚወስደው በላይ አለመበተን ነው፣ አንዴ ከማሳው የወጣ ፎስፈረስ በሐይቁ ደለል ውስጥ ተቀብሮ ለአሥርተ ዓመታት እየተመለሰ ይወጣልና። በታኅሣሥ 2022 የጸደቀው የኩንሚንግ ሞንትሪያል የብዝኃ ሕይወት ማዕቀፍ ወደ አካባቢ የሚባክነው ማዳበሪያና የፀረ ተባይ ስጋት እያንዳንዳቸው እስከ 2030 ቢያንስ በግማሽ እንዲቀንሱ ግብ አስቀምጧል። ግቡ የሚለካው ባመለጠው መጠን እንጂ በሞተው ዓሣ አለመሆኑ ትክክለኛ አቅጣጫ ነው፤ የቀረው ጊዜ አጭር መሆኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ፕላስቲክን በሚመለከት የሚካሄደው ዓለም አቀፍ ድርድር የተሰነጠቀው በዚሁ ነጥብ ላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ በ2022 ናይሮቢ ላይ አስገዳጅ ስምምነት እንዲዘጋጅ ወሰነ። አንዱ ወገን ምርቱ ራሱ እንዲገደብና በፕላስቲኩ ውስጥ የሚጨመሩት ኬሚካሎች እንዲጣሩ ይፈልጋል፤ ሌላው ወገን፣ በተለይ ነዳጅ አምራቾች፣ ስምምነቱ በቆሻሻ አሰባሰብ ላይ ብቻ እንዲያተኩር ይሻል። በ2024 መጨረሻ ቡሳን ላይ አልተስማሙም፤ በነሐሴ 2025 ጄኔቭ ላይም ተደራዳሪዎቹ ያለ ስምምነት ተለያዩ። ባሕር ውስጥ ከጠፋ በኋላ ያለ ባለቤት ዓሣና ዔሊ ማጥመዱን የሚቀጥለው የናይሎን መረብ ግን ከሁለቱ ወገኖች በየትኛው ዓይን ቢታይ በቆሻሻ ሰብሳቢ መኪና የሚደረስበት አይደለም።